ዝንብ ቆጣሪ ይሸለማል እንዴ?

«ዲምቱ» ስል የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ቶሎ የሚመጣላቸው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጂኦግራፊ ጎበዝ የነበሩት ደግሞ የባሌውን ተራራ ይጠሩልኛል። የኔዋ ዲምቱ ሁለቱንም አይደለችም። ከወላይታ ሶዶ ተነስታችሁ ወደ ብላቴ ወንዝ ቆላ ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ ናት። አጎቴ የሚኖሩት እዚያ አካባቢ ነው። እንሰት አላቸው፣ በቆሎ አላቸው፣ ከሁሉም በላይ ግን ከብት አላቸው። ወላይታ ውስጥ «ከብት አለው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የባንክ ደብተርም ነው፣ ትራክተርም ነው፣ ክብርም ነው።

ባለፈው ጊፋታ እዚያው ነበርኩ። ሥጋው ተቆርጦ፣ ዳጣው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደምቆ ሳለ የአጎቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ተናገረ። ባዮሎጂ ነው የሚያጠናው። ርዕሱ ስለ ቆላ ዝንብ ነው፤ ያቺ ከብቱን በገንዲ በሽታ የምትፈጀዋ ዝንብ። ወደ ቆላው ወርዶ ሰማያዊ ወጥመድ ይተክላል፣ የገባውን ዝንብ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ወንዱን ከሴቷ ይለያል፣ በስንት ሰዓት እንደምትንቀሳቀስ ይመዘግባል።

አጎቴ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ልጄን ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ዝንብ ሊቆጥርልኝ ነው? ለዚህማ የላሟ ጅራት ትበቃኝ ነበር!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

ጋዜጠኝነት መማር ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ፣ ሰው የሳቀበትን ነገር ተመልሶ የማየት አመል ይሰጣል። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ዝንብ ሲያይ፣ ዳክዬ ሲከተል፣ ንብ ሲቆጥር የኖረን ሰው ዓለም አክብሮት ያውቃል ወይ? ካከበረውስ መቼ? መልሱን ፍለጋ ስቶክሆልም፣ ቴክሳስና ዚምባብዌ ደርሼ (በኢንተርኔት ነው፣ አትቅኑ) መጨረሻ ላይ ነገሩ ዞሮ ወላይታ ላይ ጣለኝ። እንግዲህ ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ ካሳ ይሁንልኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ንብ፣ ዝይና ዓሣ ስቶክሆልም ሲገቡ

በ1973 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፦ ለካርል ፎን ፍሪሽ፣ ለኮንራድ ሎሬንዝና ለኒኮ ቲንበርገን። ሽልማቱ የሕክምና ይባል እንጂ ሦስቱም መድኃኒት አላገኙም፣ በሽተኛም አላዳኑም። ሥራቸው እንስሳትን ማየት ነበር። በቃ፣ ማየት።

ፍሪሽ ንብ ነው ያየው። አበባ አግኝታ የተመለሰች ንብ ቀፎው ውስጥ ወገቧን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። ፍሪሽ ይህን ጭፈራ ለዓመታት ሲከታተል ቆይቶ ጭፈራው ወሬ መሆኑን አወቀ። የጭፈራው አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ በየት በኩል እንዳለ ይናገራል፣ ርዝመቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሚርቅ። ሎሬንዝ፣ ከእንቁላል የወጡ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን የሚንቀሳቀስ ነገር እናታችን ብለው እንደሚከተሉ አሳየ፤ እሱን ራሱን እየተከተሉ ሜዳ ለሜዳ ሲዞሩ የሚያሳዩት ፎቶዎቹ የታወቁ ናቸው። ቲንበርገን ደግሞ የባሕር ወፍ ጫጩት ምግብ ለመለመን የእናቷ መንቁር ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ ለምን እንደምትነካ፣ ትንሽዬ ዓሣ ቀይ ሆድ ስታይ ለምን ለጠብ እንደምትነሳ አጠና።

ያኔ ፍሪሽ 86 ዓመት አልፎት ነበር። አስቡት፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ንብ ማየት የጀመረ ሰው፣ ወግ ያለው ሽልማት እጁ እስኪገባ ዓለም ሁለት ጊዜ ተዋግታ ነበር። ቲንበርገን ራሱ በኖቤል ንግግሩ ላይ፣ እንስሳ ተመልካች ብቻ ተደርገው ይታዩ ለነበሩ ሰዎች ይህ ሽልማት መሰጠቱ ያልተለመደ ነገር መሆኑን አንስቷል።

ሽልማት ግን ሰውን ጻድቅ አያደርግም። ሎሬንዝ በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። በ2015 የሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን የክብር ዶክትሬት ነጥቆታል፤ እሱ ከሞተ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዕድሜ ልክ ለሠራ ሰው ክብር ሲሰጥ ሥራው ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም አብሮ ይቆጠራል ማለት ነው።

ከኖቤሉ በኋላ የእንስሳት ባህርይ ጥናት ራሱን የቻለ ወግ ያዘ። አሜሪካ ያለው የእንስሳት ባህርይ ማኅበር የሕይወት ዘመን ሥራን የሚያከብር ሽልማት አለው፤ የእንግሊዙ ማኅበርም ሜዳሊያ ይሰጣል፣ በቲንበርገን ስም የተሰየመ ዓመታዊ ንግግርም አለው። ይሁን። የአጎቴ ጥያቄ ግን አሁንም እንዳለ ነው፦ ንቧ ጨፈረች፣ ዝይዋ ተከተለች፣ ታዲያ ለበሬ ምን ይጠቅማል?

የቴክሳሱ ገበሬ ልጅ

ለአጎቴ መልስ ያለው ሰው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ይባላል። በ1909 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ፣ እርሻ ላይ አደገ። በዚያ አገር ከብት አርቢውን የሚያስለቅስ አንድ ዝንብ ነበር፤ ስክሩወርም ይሉታል። ይህ ዝንብ የሞተ ሥጋ አይፈልግም። በሕይወት ያለ ከብት ቁስል ላይ ይጥላል፣ እጮቹ ሲፈለፈሉ ሕያው ሥጋ እየቦረቦሩ ይገባሉ። ትልቅ ቁስልም አያስፈልገውም፣ የተወለደ ጥጃ እምብርት ይበቃዋል። ኒፕሊንግ በልጅነቱ ከእንዲህ ዓይነት ከብት ላይ ትል ሲያጸዳ ነው ያደገው።

ነፍሳትን አጥንቶ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1930ዎቹ ሜናርድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ከሬይመንድ ቡሽላንድ ጋር ሠራ። ቡሽላንድ ዝንቡን ከከብት ላይ ሳይሆን ላቦራቶሪ ውስጥ በተፈጨ ሥጋና በደም ማርባት ቻለ። ዝንቡ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ኒፕሊንግ የሠራው ሥራ ከአጎቴ ልጅ ሥራ የተለየ አይደለም፤ ተቀምጦ አየ። ያየውም ይሄንን ነው፦ ወንዱ ደጋግሞ ይዳራል፣ ሴቷ ግን በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ሊባል ይችላል። ኒፕሊንግ ግን ከዚህች አንድ ጠባይ ተነስቶ አሰበ። ሴቷ አንዴ ብቻ ከሆነ የምትዳረው፣ ያ አንዱ ወንድ መካን ቢሆንስ? እንቁላሏ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። እንግዲህ መካን ወንዶችን በብዛት አርብተን ብንለቅስ? መርዝ ሳንረጭ፣ ዝንቡን በራሱ ሠርግ ማጥፋት እንችላለን ማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ግን ዝንብን ሳይገድሉ ማምከኛ መንገድ አልነበረም። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1950 ሄርማን ሙለር የተባለው የኖቤል ተሸላሚ ጨረራ በነፍሳት ዘር ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የጻፈውን አንድ ባልደረባው ለኒፕሊንግ አሳየው። ቡሽላንድ ሳን አንቶኒዮ ወዳለ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሄዶ፣ የሰው አጥንት በሚታይበት የኤክስሬይ መሣሪያ ዝንቦቹን መታ። ዝንቦቹ በሕይወት ቀሩ፣ ለመዳርም በቁ፣ ዘር ግን አልነበራቸውም።

በ1954 ኩራሳው በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ መካን ዝንቦች በአውሮፕላን ተለቀቁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ደሴቷ ከስክሩወርም ጸዳች። ቀጥሎ ፍሎሪዳ በ1959 ነጻ ሆነች። በ1966 አሜሪካ ነጻ መሆኗ ታወጀ፣ ሜክሲኮ ደግሞ በ1991። ዘመቻው እየገፋ እስከ ፓናማ ወረደ።

ክብሩም መጣ። ኒፕሊንግ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ አገኘ። በ1992 እሱና ቡሽላንድ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተካፈሉ። ይህን ሽልማት እኛ የምናውቀው በ2009 በፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ነው፤ በማሽላና በአቀንጭራ። ከእሱ አሥራ ሰባት ዓመት በፊት ግን የዝንብ ሠርግ ያዩ ሰዎች ወስደውት ነበር። በ1995 ደግሞ ኒፕሊንግ ለጃፓን ሽልማት በቃ። በ2000 ሲሞት 90 ዓመት አልፎት ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ከ2023 ጀምሮ ስክሩወርም ከፓናማ ወደ ሰሜን መመለስ ያዘ፣ በ2024 መጨረሻ ሜክሲኮ ደረሰ። ሽልማቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ዝንቡ ግን አይቀመጥም፣ ቆጣሪ ይፈልጋል።

የሚሾፍበትና የሚሸለመው

አጎቴን አትፍረዱባቸው። በእንስሳ ጠባይ አጥኚ ላይ የሳቀ ብቸኛው ሰው እሳቸው አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ፕሮክስማየር የሚባል ሴናተር ነበር። ከ1975 እስከ 1988 በየወሩ የሕዝብ ገንዘብ አባከነ ላለው ሥራ የፌዝ ሽልማት ይሰጥ ነበር። በሚያዝያ 1975 ሽልማቱ ያረፈው ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳት ሲናደዱ መንጋጋቸውን እንዴት እንደሚያፋጩ በሚያጠና ሮናልድ ሀቺንሰን በተባለ ተመራማሪ ሥራ ላይ ነው። ሰውየው ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1979 ፍርድ ቤቱ፣ ሴናተሩ በጋዜጣዊ መግለጫና በደብዳቤ ለበተነው ነገር የምክር ቤት ከለላ አይሸፍነውም ብሎ ለተመራማሪው ወሰነ። በመጨረሻ ሴናተሩ 10,000 ዶላር ከፍሎ ታረቁ።

ለዚህ ፌዝ መልስ የሚሆን ሽልማት የመጣው በ2012 ነው። «ወርቃማ ዝይ» ይባላል። የሚሰጠው ሲጀመር የሚያስቅ መስሎ፣ በመጨረሻ ለሕዝብ ትልቅ ጥቅም ላመጣ ምርምር ነው። በ2016 ከተሸለሙት አንዱ የኒፕሊንግና የቡሽላንድ ሥራ ነበር፤ የተሸለመበትም ርዕስ «የስክሩወርም ዝንብ የፍቅር ሕይወት» እንደማለት ነው። ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኒፕሊንግ ዝንቡን ያየው በ1930ዎቹ ነው። ዝንቡ ከደሴቷ የጠፋው በ1954 ነው። የምግብ ሽልማቱ የመጣው በ1992 ነው። በማየትና በመከበር መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። በዚያ መሐል ያለው ሰው ለቤተሰቡ «ዝንብ ቆጣሪ» ነው።

በሬ ጉድጓድ ውስጥ

አሁን ወደ አህጉራችን እንምጣ። የኛዋ የቆላ ዝንብ ከስክሩወርም በጣም ትለያለች። ወንዱም ሴቷም ደም ነው የሚመገቡት። የምታመጣው ገንዲ በሬውን ደም ያሳጣዋል፣ ያከሳዋል፣ ከቀንበር ያወጣዋል። የአወላለዷ ነገር ደግሞ ጉድ ነው። እንቁላል አትጥልም። አንድ እጭ በሆዷ ይዛ፣ በሆዷ ውስጥ ወተት መሰል ነገር እየመገበች፣ ከዘጠኝ አሥር ቀን በኋላ ትወልደዋለች። በዕድሜዋ የምትወልደው በጣት የሚቆጠር ነው። አንዲት የቤት ዝንብ በመቶዎች ስትጥል የቆላዋ ዝንብ ግን አንድ አንድ እያለች ታሳድጋለች። ጥንካሬዋም ድክመቷም ይሄ ነው፤ ትንሽ ስለምትወልድ ትንሽ ቢጎድልባት አትችልም።

ግን የት ትገኛለች? በምንስ ትመጣለች? ይህን ካጠኑት አንዱ ግሊን ቬል ነው፤ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ ዛምቤዚ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሬኮሚቺ የሚባል የምርምር ጣቢያ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። ቬል በ1970ዎቹ ያደረገው ነገር ለአጎቴ ብነግራቸው ያብዳሉ። በሬ ወስዶ ከመሬት በታች ጉድጓድ ውስጥ ደበቀ! ከላይ የሚታይ በሬ የለም፣ በመተንፈሻ ቱቦ የሚወጣ ሽታው ብቻ አለ። ዝንቦቹ ወደ ቱቦው መጡ። ስለዚህ ዝንቧ በሬውን የምታገኘው ሳታየውም፣ በአፍንጫ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሽታው ተበተነ፤ ከትንፋሹ ውስጥ የትኛው፣ ከሽንቱ ውስጥ የትኛው እየተባለ ተለየ። ከቀረበች በኋላ ደግሞ በዓይኗ ትመራለች። ሰማያዊ ይስባታል፣ ጥቁር ላይ ታርፋለች።

እኔ በልጅነቴ በሁምቦ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ስንሄድ ቁጥቋጦ ውስጥ የተሰቀለ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ አይቼ የሰው መጋረጃ ነፋስ የወሰደው መስሎኝ ነበር። ያ ጨርቅ እንግዲህ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። ሰማያዊው ቀለም የተመረጠው ለውበት አይደለም። ወጥመዱ ሥር የሚቀመጠው ጠርሙስ ውስጥ ያለውም የላም ሽንትና አሴቶን ነው። (አሴቶን ማለት ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነው፣ እህቶቼ።) በሬ ሳይኖር በሬ የሚመስል ነገር ሠርቶ ዝንቧን ማታለል ነው።

ወላይታ ደሴት አይደለችም

ኢትዮጵያ ውስጥ የቆላ ዝንብ ያለበት መሬት ከ180,000 እስከ 220,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ በምዕራብ፣ በደቡብ ምዕራብና በደቡብ ባሉ ወንዝ ሸለቆዎች ነው። ወላይታ ደጋና ወይና ደጋው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የሚኖርበት አገር ነው። መሬት ሲጠብ ዓይን ወደ ቆላው ይሄዳል። በ1970 የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎች ዛሬም «ዋዱ» የሚሉት፣ ከሥራዎቹ አንዱ ገበሬ ወደ አበላ ቆላ ማስፈር ነበር። ሰው ቆላ ሲወርድ በሬውን ይዞ ይወርዳል። በሬው ከታመመ ግን የተሰጠው መሬት አይታረስም።

የኒፕሊንግ ሐሳብ ወደ አፍሪካ የመጣው በዛንዚባር በኩል ነው። ከ1994 እስከ 1997 ኡንጉጃ በምትባለው ዋና ደሴት ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ መካን ወንድ የቆላ ዝንቦች ተለቀቁ። የመጨረሻው የዱር ዝንብ ወጥመድ ውስጥ የተገኘው በ1996 ነው። ከዚያ ወዲህ ደሴቷ ነጻ ናት።

በ1997 ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ተስማምታ የራሷን ጀመረች። የታሰበው ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 25,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከወላይታ ቆላዎች እስከ አርባ ምንጭና ከዚያም ወዲያ። በ2007 ዝንብ ማርቢያው አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ላይ ተመረቀ። (ቃሊቲ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። እዚያ ዝንብም ይታሰራል ለካ።) ዝንቦቹ ደም የሚመገቡት በሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን በኩል ነው፤ ሽፋኑ ቆዳ ይመስላቸዋል። ወንዶቹ ተለይተው ጨረራ ይመታሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ።

ውጤቱስ? እውነቱን እንነጋገር። ፕሮጀክቱ በደረሰባቸው ብዙ ቦታዎች የዝንቡ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፣ በሬ ተመልሶ ቀንበር ገብቷል። ትልቁን ሸክም የተሸከሙት ግን መድኃኒት የተነከሩት ጨርቆችና በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ናቸው። ዝንቡ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ጨርሶ አልጠፋም። ኩራሳው ደሴት ናት፣ ኡንጉጃም ደሴት ናት። ወላይታ ደሴት አይደለችም። እዚህ ያጠፋችሁት ዝንብ ከሚቀጥለው ወንዝ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ፣ ዝንቡ ዛሬ የት አለ፣ ስንት ሆነ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ደግሞ አውሮፕላኑ አይደለም። በጠዋት ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ወጥመዱን ከፍቶ የሚቆጥር ሰው ነው።

ስም የሚጻፍለት ማነው?

በኛ አገር የእንስሳ ነገር አጥንቶ የተከበረ ሰው የለም አይባልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ አጣቢ ሴቶች እንዶድ በሚጠቀሙበት ወንዝ ውስጥ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያች እይታ የተነሳውን ሥራ ይዘው እሱና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል። እነዚያ እንዶዱን ከመጀመሪያው የሚያውቁት አጣቢ ሴቶች ግን በታሪኩ ውስጥ «አጣቢ ሴቶች» እንደሆኑ ቀሩ።

ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ሲያጠኑ፣ የዱር እንስሳትን ኑሮና ጠባይ የሚያጠኑ ብዙ ተማሪዎችን ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በ2016 ተመራማሪዎች ለሳይንስ አዲስ የሆነች የኢትዮጵያ እንስሳ ሲገልጹ ስማቸውን ሰጧት። አይጥ የምትመስል፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ነፍሳት የምትበላ ትንሽ ፍጥረት ናት። ሜዳሊያ ሊጠፋ ይችላል፣ የእንስሳ ስም ግን እንስሳዋ እስካለች አብሯት ይሮጣል። እኔ ከሰማኋቸው ክብሮች ሁሉ ይሄን ነው የወደድኩት።

ከእነዚህ ስሞች ሥር ግን ሌላ ረድፍ አለ። ወጥመድ የሚተክለው፣ ጨርቁ ሲሰረቅ ተመልሶ የሚሰቅለው፣ ዝንብ በእጁ ይዞ ወንድና ሴት የሚለየው፣ ከብቱን ለምርመራ አምጡ ሲባል ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ገበሬውን የሚያሳምነው። ተመራማሪው ጽሑፉ ላይ ቁጥሩን ያሰፍራል፤ ቁጥሩን የቆጠረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለበትም። ሽልማት ሁሉ ከማየት የሚጀምር ከሆነ፣ የማየቱን ግማሽ የሠሩትን ሳንጠራ «የሕይወት ዘመን አስተዋጽኦ» ብንል የማን ሕይወት፣ የማን ዘመን ነው?

«ማን ይነግረኛል?»

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዲምቱ ደወልኩ። የኒፕሊንግን ታሪክ ለአጎቴ በስልክ ተረኩላቸው። ሽልማቱን ሲሰሙ ዝም አሉ። የተደበቀውን በሬ ሲሰሙ ግን ሳቁ፣ ቀጥሎም ቅር አላቸው።

«ለዚህ ብሎ በሬውን ጉድጓድ ከተተው? መጥቶ ቢጠይቀን ኖሮ እንነግረው ነበር።»

«ምኑን ነው የምትነግሩት?» አልኳቸው።

«ጥቁሩን በሬ ነው የምትወደው። መጋላውና ጥቁሩ አብረው ቢውሉ ጥቁሩ ነው የሚነደፈው። ደግሞ ፀሐይ ሲከር አታገኛትም፣ ጥላ ትገባለች። ጠዋትና ወደ ማታ ነው ክፉዋ። እኔ ወደ ወንዙ የምነዳው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰው ሞኝ ነው ይለኛል፣ በዚህ ሐሩር ብሎ።»

ከበስተጀርባ የልጃቸው ድምፅ ተሰማኝ። «አባባ፣ ይሄን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አየሁ እንጂ!»

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ልጁ ደብተር ፍለጋ ሲሄድ ይመስለኛል፣ የወንበር ድምፅ ሰማሁ።

ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ላከልኝ፤ አማርኛዋ ደህና ናት፣ እንግሊዝኛውን ትንሽ አቃንቼለታለሁ። ወጥመዱን የሚከፍትበትን ሰዓት ለውጦ በሦስት ከፍሎታል፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ወደ ማታ። የምስጋናው ገጽ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ስም ደግሞ የአማካሪው አይደለም፣ የአጎቴ ነው። ከጎኑ «የከብቶቹን ጠባይ በማየት ለሰጠኝ መረጃ» ይላል።

ለአጎቴ ሲነበብላቸው ምን እንዳሉ ጠየቅሁት።

«‹እንግዲህ እኔንም ዝንብ ቆጣሪ አደረግኸኝ› አለኝ» አለ። «ግን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።»